የነዳጅ ሣር ማጨጃ ትራክተርን ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት መቀየር ይቻላል

በምኖርበት በሜሪላንድ ሞተራቸው ያበቃለት፣ ተቀምጠው የሚነዷቸው የሣር ማጨጃ ትራክተሮች በየዓመቱ በርካሽ ይሸጣሉ። ብዙውን ጊዜ ሻንሲያቸው፣ ካምቢዮአቸው፣ መሪያቸውና ምላጮቹ የሚሽከረከሩበት የብረት ክዳን፣ ማለትም ደኩ፣ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። እኔም 42 ኢንች ስፋት ያለው ደክ የተገጠመለትን አንዱን ገዝቼ፣ ግማሽ ኤከር (2,000 ካሬ ሜትር ገደማ) ለሚሆነው ግቢዬ በባትሪ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ሥራው ብየዳ ለሚችልና የኤሌክትሪክን መሠረታዊ ነገር ለሚያውቅ ሰው የሚከብድ አይደለም፤ ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ገንዘብም አካልም ሊያስከፍል ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1969 ኢሌክ-ትራክ የተባሉ የግቢ ትራክተሮችን ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ስድስት ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጧቸው ነበር። የእነዚያን ማሽኖች ንድፍ እስከ ዛሬ የማከብረው፣ ደኩ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ስለነበሩት ነው። የእኔም ምክር ይኸው ነው፤ ለጎማውና ለምላጩ የተለያየ ሞተር ይስጡ። አንድ ሞተር በነዳጁ ቦታ አስቀምጦ ሁሉንም በቺንጋ ማሽከርከር ርካሽ መስሎ ቢታይም፣ ከጋራዥ ወደ ግቢ ለመሄድ ብቻ ትልቁን ሞተር በሙሉ ፍጥነቱ ማዞር ግድ ይሆናል።

1. ምላጩ የሚፈልገውን ኃይል ማወቅ

ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ባለ 17 የፈረስ ጉልበት ሞተር አውጥቼ በምን ልተካው?» ብሎ ነው። 17 የፈረስ ጉልበት ወደ 12.7 ኪሎዋት ይሆናል፤ ያን ያህል የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ መግዛት ግን ለዚህ ሥራ ብክነት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ሣሩ በከፋበት ቀን ምላጮቹ ምን ያህል ይጎትታሉ የሚለው ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት የደክ ሞተር ባለ 2 ኪሎዋት ነበር። በነሐሴ፣ ሣሩ ደርቆና አጥሮ ሳለ፣ የባትሪው ሽቦ ላይ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ፣ አስሬ ስለካ ጎማውም ምላጩም በአንድነት 35 አምፔር ገደማ ይወስዱ ነበር፤ በ51 ቮልት ሲባዛ 1.8 ኪሎዋት መሆኑ ነው። በዚህ ተደስቼ ሥራዬን እንደጨረስኩ ቆጠርኩት። በቀጣዩ ግንቦት ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ፤ ሣሩ እስከ ቅልጥሜ አድጎ ሥሩ ገና እንደረጠበ ለማጨድ ወጣሁ። ቆጣሪው 88 አምፔር ያሳይ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሠራሁ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ከሞተሩ ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ፈትቼ ሳየውም የመዳቡ ጥቅል ጠቁሯል። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚወስነው የሞተር መቆጣጠሪያ እስከ 100 አምፔር እንዲሰጥ ተፈቅዶለት ስለነበር ሞተሩን ለማዳን ያደረገው ነገር አልነበረም። በሞተሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ባለማሰሬ እኔም በጊዜው አላወቅኩም።

ስለዚህ በዚህ ስፋት ላለ ደክ ሳያቋርጥ 4 ኪሎዋት የሚሰጥ ሞተር ይምረጡ። «ከፍተኛ ኃይል» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ ስለሆነ አይመኑት፤ በተከታታይ ስንት ይሰጣል የሚለውን ይፈልጉ። መቆጣጠሪያው ላይ የአምፔሩን ጣሪያ ሞተሩ በተከታታይ ከሚችለው ብዙ በማይበልጥ ልክ ያስሩት፤ በሞተሩ ጥቅል ላይም የሙቀት መለኪያ ያስገቡ። ለጎማው 1 ኪሎዋት ይበቃል፤ በሜዳ ላይ ምላጩ ጠፍቶ ስነዳ ከ12 አምፔር በላይ ወስዶ አያውቅም።

2. ፑሊና ፍጥነት

በ42 ኢንች ደክ ውስጥ እያንዳንዳቸው 53 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ምላጮች አሉ። በአሜሪካ የደኅንነት ደንብ መሠረት የምላጭ ጫፍ ፍጥነት በደቂቃ ከ19,000 ጫማ፣ በሰከንድ 96.5 ሜትር ገደማ ከሆነው፣ ማለፍ የለበትም። ባለ 53 ሴንቲ ሜትር ምላጭ በደቂቃ 3,400 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 94 ሜትር ይጓዛል፤ 3,600 ጊዜ ሲዞር ግን 100 ሜትር ገደማ ደርሶ ልኩን ያልፋል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ አለ። ሞተሩ ላይ «በ48 ቮልት 3,000 ዙር» ተብሎ ቢጻፍም፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ እስከ 58 ቮልት ስለሚደርስ ያው ሞተር ሸክም ሳይኖርበት ከ3,600 በላይ ሊዞር ይችላል። በፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው በሚዞርበት ክብ ብረት፣ ስሌት 3,200 ብለው ያሰቡት ምላጭ በሞላ ባትሪ 3,900 ዞረ ማለት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ድንጋይ ቢያገኝ የሚሆነውን ማሰብ ያስፈራል። ስለዚህ የዙሩን ጣሪያ በመቆጣጠሪያው ላይ ያስሩ፤ ከዚያም በዙር መለኪያ ራሱን ምላጩን ይለኩ። የእኔ 3,100 ላይ ታስሯል። ሣሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ወደ 2,800 ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ምላጩ አየር ለመግፋት የሚያወጣው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ ከፍጥነቱ አንድ አሥረኛ መቀነስ ከዚያ ኃይል ሩቡን ያህል ያስቀራል።

የሞተሩን ማሰሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያሠሩ፤ ፑሊውን ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደው በሞተሩ ዘንግ ልክ ያስበሱ። በእጅ ድሪል የተበሳ ፑሊ ትንሽ እንኳ ቢወላገድ ቺንጋውን እየበላ የሞተሩን ኩሽኔታ ይገድለዋል።

3. የነዳጁን ዕቃ ማውጣት

ሞተሩን፣ ሰልባትዮውንና ማርሚታውን ያውጡ፤ ሻንሲውን አጥበው ዝገቱን ይፋቁ።

4. ባትሪ

በእኔ እምነት ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 16 ሴሎች በተርታ ሲያያዙ 51.2 ቮልት ይሰጣሉ፤ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ከሆኑ 5.1 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይይዛሉ። ከዚህ 80 በመቶውን ብቻ እንደሚጠቀሙ ያስቡ። ማሽኑ በአማካይ 3 ኪሎዋት ቢወስድ 80 ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ይህም ለአንድ ኤከር የሚበቃ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ ለስላሳውን መሬት ያርሰዋል፣ በየጊዜው እስከ ታች ሲወርድም ዕድሜው ያጥራል።

የባትሪውን ሳጥን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ ጎማዎች ያስጠጉት። እኔ መጀመሪያ በወጣው ሞተር ቦታ ከፊት ከፍ አድርጌ አስቀምጬው ነበር፤ የኋላ ጎማዎቹ ቀልለው በእርጥብ ዳገት ላይ ይሽከረከሩ ነበር። እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ሳያስገቡ ባትሪውን አይሙሉት፤ የሙቀቱ መጠን ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆንም ከቶ አይሙሉት።

5. ሽቦ፣ ፊውዝና ኮንታክተር

ከባትሪው የሚወጣው ዋና ሽቦ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ፊውዙም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይታሰር። ለመኪና ሬዲዮ የሚሸጥ ፊውዝ እዚህ አይሠራም፤ የሊቲየም ባትሪ በድንገት የሚለቀውን ኃይል መቁረጥ የሚችለውን ክላስ ቲ የሚባለውን ይግዙ።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ስለ ኮንታክተሩ፣ ማለትም በቁልፉ ትእዛዝ ባትሪውን ከመቆጣጠሪያዎቹ ጋር ስለሚያገናኘውና ስለሚለየው ትልቅ ስዊች፣ ነው። በሞተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ፤ ባዶ ሳሉ ኮንታክተሩ በድንገት ሲያገናኝ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈስሳል፤ የኮንታክተሩም መዳብ እየቀለጠ ይጣበቃል። የእኔ የተጣበቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ቁልፉን አጠፋሁ፣ ምላጩ ግን መዞሩን ቀጠለ። ልጄ ከማሽኑ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ዋናውን መሰኪያ በእጄ ነቅዬ አስቆምኩት። መድኃኒቱ በጥቂት ብር የሚገዛ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ 100 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ኮንታክተሩ ከማገናኘቱ በፊት ለሦስት ሰከንድ ያህል በእርሱ በኩል ካፓሲተሮቹ እንዲሞሉ ያድርጉ። ከወንበሩ ሳይነሡ በአንድ እጅ የሚነቀል የአደጋ ጊዜ መሰኪያም ይጨምሩ።

6. የወንበሩ ስዊች

ነጂው ከወንበሩ ሲነሣ ምላጩ በ5 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲጠፋ ምላጩ በራሱ ጉልበት ረጅም ጊዜ ስለሚዞር፣ የፍሬን ሥራ መሥራት የሚችል መቆጣጠሪያ ይምረጡ። ምላጩ ጠፍቶ ሲነዳ ማሽኑ ብዙ ድምፅ ስለሌለው ሰው መምጣቱን ላይሰማ ይችላል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኽ ደወል ያስገቡ።

7. የመጀመሪያው እጨዳ

ለ20 ደቂቃ አጭደው ያቁሙና መሰኪያውን ይንቀሉ። የሽቦ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ ካለ በደንብ አልጠበቀም ማለት ነው። የቺንጋውን ውጥረትና የሞተሩን ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ሰዓት ሁልጊዜ ይለጠጣል። ማሽኑ በማይሠራባቸው የብርድ ወራት ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተው፣ መሰኪያውን ነቅለው፣ ውርጭ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።