የ24 ሰዓት የደም ግፊት ምርመራ፦ ሌሊቱ እንዳያመልጣችሁ

ክሊኒክ ውስጥ የሚለካ ግፊት የዚያች ደቂቃ ግፊት ነው። ልብ ግን ቀን ከሌት ትሠራለች። ስለዚህ በ24 ሰዓቱ ምርመራ፣ ክንድ ላይ ከሚታሰር ጨርቅ ጋር የተያያዘ ትንሽ መሣሪያ አብሯችሁ ውሎ አድሮ ግፊታችሁን በየጊዜው ይለካል። ግፊት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ደም ወደ ሰውነት የሚረጨው የግራ የታችኛው የልብ ክፍል ብዙ ይታገላል። ጡንቻው እንደ ክብደት አንሺ ክንድ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ይደድራል። ከዚህ መወፈር ጋር ይበልጥ የሚዛመደው የክሊኒኩ ሳይሆን የ24 ሰዓቱ ልኬት ነው፤ በተለይ የሌሊቱ።

ገላችሁን ታጥባችሁ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ በልካችሁ ይሁን፤ ከጠበበ ግፊቱን አጋንኖ ያሳያል። መድኃኒታችሁን ሐኪም አቁሙ ካላላችሁ እንደወትሮው ውሰዱ።

ቀን ላይ መሣሪያው በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ይለካል። መንፋት ሲጀምር ባላችሁበት ቁሙ፣ እጃችሁን ዘና አድርጉ፣ አታውሩ። ከዚያ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ለምርመራው ብሎ ቀኑን ሙሉ መተኛት ጥቅም የለውም።

ዋናው ነገር ሌሊት ነው። ስንተኛ ግፊት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። የማይወርድለት ሰው ልቡ እረፍት አታገኝም። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የኩላሊት ሕመምና ስኳር ለዚህ ይዳርጋሉ።

ጨርቁ እየጨመቀ እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁ። ቢሆንም አታውልቁት፤ ካወለቃችሁት ለልባችሁ የሚበጀው መረጃ ቀረ ማለት ነው። መሣሪያውን ትራስ አጠገብ አኑሩ፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ አድርጉ፣ በታሰረው ክንድ ላይ አትተኙ።

የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ይህን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። መሣሪያው ሌሊት የሚለው የተሞላለትን ሰዓት ነው። እናንተ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ስትነካኩ ከቆያችሁ፣ የነቃ ሰው ግፊት እንደ እንቅልፍ ይቆጠርና ውጤቱ ያሳስታል።

ውጤቱ ሲመጣ አማካዮቹን ለየብቻ ጠይቁ። የ24 ሰዓቱ ከ130/80፣ የቀኑ ከ135/85፣ የሌሊቱ ከ120/70 ጀምሮ ከፍተኛ ነው። የሌሊቱ ከፍ ካለ ስለ ልብ አልትራሳውንድ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ብቻውን አይበቃም፤ የወፈረ ልብ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ግፊቱ በሕክምና ሲስተካከል ውፍረቱም ሊቀንስ ይችላል። የመድኃኒታችሁን ሰዓት ግን በራሳችሁ ወደ ማታ አትቀይሩ፤ እሱን ውጤቱን ካየው ሐኪም ጋር ተመካከሩበት።