ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ብዙ፦ የልጅን ስም አጻጻፍ እንዴት እንወስን?

ለልጅ ስም ሲወጣ ቤተሰብ የሚከራከረው ስለ ስሙ እንጂ ስለ ፊደሉ አይደለም። ፊደሉ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በልደት ምዝገባ መስኮት ላይ፣ መዝጋቢው እጁ እንዳመጣለት ሲጽፍ ነው። ስሙ ግን ከክትባት ካርድ እስከ ፓስፖርት ልጁን ስለሚከተለው፣ አጻጻፉን ወደ መስኮቱ ከመቅረብዎ በፊት እቤት ውስጥ ይወስኑ።

በቅድሚያ ልዩነቱ የድምፅ ነው ወይስ የፊደል ብቻ የሚለውን ይለዩ። «አዲስ» እና «ሐዲስ» ሥራቸው አንድ ቢሆንም ሲጠሩ ስለሚለያዩ እንደ ሁለት ስም ሊቆጠሩ ይገባል። ፀሐይም በብዙ ሰው አንደበት «ጣይ» ስትባል ኖራለች፤ የእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጻፈው በዚሁ አጠራር ስለሆነ «ፀሐይቱ» ብሎ ማረም ስሙን ማጥፋት ነው። እንግዲህ አጠራሩ ከተለየ ፊደሉ አጠራሩን ይከተል።

አስቸጋሪው ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ሲለያይ ነው። በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ፊደላት በአማርኛ አንድ ሆነዋል፤ በዚያ ላይ «ሀ» እና «ሃ»ን እኩል ስለምናነባቸው አንዱን ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብሎ በ6 መልክ መጻፍ ይቻላል። ጸ እና ፀ ሲታከሉበት «ፀሐይ» የሚለው ስም ድምፁ ሳይዛነፍ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ «ትዕግሥት» ደግሞ በ4። ጆሮ አንዱን ከሌላው አይለይም። ኮምፒውተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስላለው፣ ፕሮግራሙ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልተዘጋጀ በቀር «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም።

እዚህ ላይ ድምፅ ስለማይረዳን ዳኛው የስሙ ሥር ነው። «ኃይለ» በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። «ሀብተ» ግን ወሀበ፣ ሰጠ ከሚለው ግስ ስለወጣ በሀሌታው ሀ ነው፤ «ኃብተ» የሚሉት በ«ኃይለ» ተስበው ይመስለኛል። «ሕይወት» እና «ምሕረት» በሐመሩ ሐ፣ «ብርሃን» በሀሌታው ሀ፣ «ሥላሴ» እና «ሠናይት» በንጉሡ ሠ፣ «ሰላም» በእሳቱ ሰ፣ «ዓለም» በዐይኑ ዐ ይጻፋሉ። «ጸጋ»፣ «ጽጌ» እና «ጽዮን» የጸሎቱ ጸ ናቸው፤ «ጸጋ»ን በፀሐዩ ፀ መጻፍ ከመለመዱ የተነሣ ትክክለኛው ስሕተት እስኪመስል ተደርሷል። የተጠራጠሩትን ስም በግእዝ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ ወይም የአብነት መምህር ይጠይቁ።

ሥሩ ከግእዝ ያልሆነን ስም በግእዝ መመዘን ግን አይገባም። ትግርኛ ሐንና ዐን ዛሬም ከጉሮሮ ለይቶ ስለሚጠራቸው «ሓጎስ»ን በሀሌታው መጻፍ የአጠራር ስሕተት ነው፤ «ሃብቶም» ደግሞ በሀሌታው ይጻፋል። በዐረብኛ ስሞችም እንዲሁ «ሐሰን» በሐመሩ ሐ፣ «ዐሊ» በዐይኑ ዐ፣ «ኻሊድ» በኸ ቢጻፉ የምንጩ ድምፅ ይጠበቃል። ቤተሰቡ «ከድጃ» እያለ የሚጠራትን ልጅ ግን «ኸዲጃ» ብሎ ለመመዝገብ በቅድሚያ የወላጆቿ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ጉዳዩ የሚነሣው ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ነው። በ«ተፈራ» የሚጠብቀውን ረ አንዱ በአንድ አር፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ «ቃልኪዳን»ም በኬ ወይም በኪው ይጀመራል። በውጭ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ለመጀመሪያው ልጅ የተመረጠው አጻጻፍ ለታናናሾቹም ይጠበቅ፤ አለዚያ ወንድምና እኅት በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ።

ይህ ሁሉ ገና ለሚመዘገብ ስም ነው። በትምህርት ማስረጃውና በመታወቂያው ላይ «ሀይሌ» ተብሎ የኖረን ሰው «ኃይሌ» ብሎ ማረም ሰነዶቹን እርስ በርስ ከማጋጨት በቀር ጥቅም የለውም፤ እርሱ እንደሚጽፈው ይጻፍለት። ለአዲስ ምዝገባ ሲሄዱ ግን የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በጉልህ ጽፈው ይውሰዱ፤ ማንበብ ካስፈለገም «በንጉሡ ሠ፣ በጸሎቱ ጸ» እያሉ ፊደሉን በስሙ ይጥሩ፤ ማኅተም ከማረፉ በፊትም የተጻፈውን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።