«ሰነፍኩ» ከማለታችሁ በፊት፦ በውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የምትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ሴሚስተር የተማርኩት ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ በምትርቅ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ሌላ አህጉር ነበር፤ ክላሱ የሚጀምረው ደግሞ እኔ ባለሁበት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ሳምንት ደህና ሄደ። በሦስተኛው ላፕቶፑን መክፈት አቃተኝ። ያላየኋቸው ሌክቸሮች አራት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ እያሉ ተደራረቡ። ራሴን ሰነፍ አልኩት። አሁን ሳስበው ችግሬ ሌላ፣ ያወጣሁለት ስም ሌላ።

ብቸኝነትን ስንፍና ብሎ መጥራት

በአካል ስንማር ሳናስተውል የምናገኘው ነገር አለ። በር ላይ ሰላም መባባል፣ «እስቲ ያቺን ገጽ አሳየኝ»፣ ከክላስ ስንወጣ መምህሩን ማማት። ኦንላይን ላይ ይሄ ሁሉ የለም። መውጫዋን ስትጫኑ ክፍሉ በአንዴ ጭር ይላል። ቀኑን ሙሉ ሃምሳ ሰው ስክሪን ላይ አይታችሁ፣ አንድም ሰው ስማችሁን ሳይጠራ ይመሻል። እንዲህ ሲከርም ሰው ከትምህርቱ መሸሽ ቢጀምር ምን ይገርማል?

ሰነፍ ሰው ትምህርቱን ትቶ የሚወደውን ሲያደርግ ይደሰታል። እናንተ ግን ፊልሙም ጨዋታውም ለዛ ካጣባችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎታችሁ ከተዛባ፣ ይሄም በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ነገሩ ስንፍና አይመስልም። ሐኪሞችም ድብርትን ሲመረምሩ የሚጠይቁት ስለዚሁ ሁለት ሳምንት ነው። ራሴን ስሰድብ ከርሜ አንድም ሌክቸር አልጨረስኩም።

ሙሉ በሙሉ በዩኒቨርሲቲው ሰዓት መኖር

ሰውነት የሚከተለው ብርሃንን ነው፤ የክላስ ፕሮግራም አያውቅም። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊቱን ክላስ፣ ቀኑን ቁርጥራጭ እንቅልፍ ሲሆን መጀመሪያ የሚበላሸው ስሜት ነው። በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሳል።

ሁሉንም ክላስ በቀጥታ ለመከታተል አትሞክሩ። ውይይት ያለበትን በቀጥታ ተከታተሉ፤ መምህሩ ብቻውን የሚያወራበትን ጠዋት ተነስታችሁ ከተቀዳው እዩት። ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ በሦስት መስመር ኢሜይል ያላችሁበትን ሰዓት ንገሩት። በስድስተኛው ሳምንት ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በመጨረሻው። አገራችሁ ሰዓት የማይቀይር ከሆነ ክላሳችሁ ድንገት በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል። እኔ የቡድን ፕሬዘንቴሽን አልቆ ነው የገባሁት። ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርትና የቤት ሥራ የሚለጥፉባቸው ካንቫስም ሆነ ሙድል ፕሮፋይላችሁ ላይ የሰዓት ክልል መሙያ ስላላቸው ዛሬውኑ አስተካክሉት፤ ዴድላይኑን በራሳችሁ ሰዓት ያሳዩዋችኋል።

ፊትን ሲያዩ መዋል

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ የሚያደክምባቸውን አራት ምክንያቶች ዘርዝሯል። ከቅርብ የሚያፈጡ ዓይኖች መብዛታቸው፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስ፣ የሰውን ስሜት ለመረዳት አእምሮ የበለጠ መልፋቱ። በባዕድ ቋንቋ ለሚማር ሰው የመጨረሻው እጥፍ ይሆናል፤ ይሄን የምለው ከራሴ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ዙም ላይ የራሳችሁን ምስል ከራሳችሁ ብቻ መደበቅ ትችላላችሁ። በትልቅ ሌክቸር ካሜራ አጥፉ፣ በትንሽ ቡድን ክፈቱ። ሁልጊዜ ካጠፋችሁት ግን ማንም አያውቃችሁም።

ለቤተሰብ ሁሌ «ሰላም ነኝ» ማለት

ይሉኝታው ይገባኛል። ስንት ተደክሞ ነው የተላካችሁት። ስልክ ሲደወል ፊት ታጥቦ፣ መብራት ተስተካክሎ ነው የሚነሳው። ችግሩ፣ ለሁሉም ደህና ነኝ ካላችሁ ሊረዳችሁ የሚችል ሰው አይኖርም። ለሁሉም ተናዘዙ አላልኩም። የማይደነግጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ ታላቅ እህት ሊሆን ይችላል፣ የድሮ ጓደኛ። «ደብሮኛል» ብላችሁ አትዝጉት። «አራት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም» በሉ። እንዲህ ሲባል ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይገባዋል።

ሳይጠይቁ ኮርስ መጣል

ሲጨንቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ኮርስ ድሮፕ ማድረግ ነው። በተማሪ ቪዛ እዚያው አገር ገብቶ ለሚማር ሰው ግን ኮርስና ቪዛ የተሳሰሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የሚማር ሰው ለሙሉ ጊዜ ተማሪነቱ የሚቆጠርለት የኦንላይን ትምህርት በሴሚስተር አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ይህ ላልቶ ነበር። በጁላይ 2020 ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚማሩ የውጭ ተማሪዎች አገሪቱን ለቀው ይውጡ የሚል መመሪያ ወጣ፤ ሃርቫርድና ኤምአይቲ የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ፣ መንግሥትም በሳምንት ጊዜ ውስጥ መመሪያውን ተወው። ያን ሳምንት ሻንጣውን እያየ ያደረ ተማሪ ብዙ ነው።

እዚያው አሜሪካ በሕመም ምክንያት ኮርስ መቀነስ በሕግ ይቻላል፤ የአእምሮ ጤናም ይካተታል። ግን የሐኪም ወይም የሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ይዞ፣ ኮርሱ ከመጣሉ በፊት በውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጣጣው ብዙ ነው።

የምክር አገልግሎትን ለመጨረሻ ማቆየት

ካውንስለር የነገራችሁትን ለመምህር ወይም ለቤተሰብ አያወራም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ይለያል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ስለሆነ፣ ሌላ አገር ተቀምጣችሁ ከምትማሩ የዩኒቨርሲቲው ካውንስለር ሊያክማችሁ ላይችል ይችላል። ይህን ደህና በሆናችሁበት ቀን ጠይቁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ያኔውኑ ያላችሁበት አገር የድንገተኛ ስልክ ላይ ደውሉ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጥሩ።

ጥያቄን መዋጥ

ቻት ላይ ጥያቄ እጽፍና አጠፋለሁ። ሰዋስዉን አርሜ ደግሜ እጽፋለሁ። ይሄኔ መምህሩ ሁለት ስላይድ አልፏል። አንድ ሌሊት ለሁሉም መላኩን ትቼ፣ ስሙን እንኳ በትክክል መጥራት ለማልችለው ልጅ በግል ላክሁለት። «ይሄ ነገር ገባህ?» አልኩት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምንም። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ክላሱ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወለልኝ።