ሀረጎ ላይ የሚለሰልስ ፍሬን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ አሮጌዋ ፊያት 124 ስፓይደሬ ፍሬኗ ያስቸግረኝ ነበር። ከላይ ስነሳ ፔዳሉ ጠንካራ ነው። በመሃል ያለው የሀረጎ ቁልቁለት ጥምዙ ሲበዛ ግን እየለሰለሰ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ታች አቁሜያት ስትቀዘቅዝ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩን የጠቆመኝ ይሄ መመለሱ ነው። ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ በሙቀት ሲደክም ፔዳሉ እንደጠነከረ ነው፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ፔዳሉ ከለሰለሰ የፈላው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባው ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ የእግራችን ግፊት ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። በመወዳደሪያ መም ላይ በፍጥነት የሚነዱ አሮጌ ስፖርት መኪኖችንም የሚፈትናቸው ይኸው ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። እንደ ቡና የጠቆረውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት። ያልተከፈተ ዶት 4 ገዛሁ። ተከፍቶ የከረመ ዘይት በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ እንዳትቀበሉ! ወንድሜ ፔዳሉን ሲረግጥልኝ፣ እኔ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምሬ በመስመሩ የገባውን አየር አስወጣሁ። ዘይቱ በሚወጣባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋው እስኪጠፋ መታገስ ነው። የዘይቱ ማጠራቀሚያ እንዳይጎድል በየመሃሉ መሙላት ያስፈልጋል፤ ካለቀ አየር ይገባና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የተሰነጣጠቁትን የላስቲክ ቱቦዎችም አብሬ ቀየርኩ።

አሁን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ እየያዝኳት እወርዳለሁ። ፔዳሉ እስከ ኮምቦልቻ አይለሰልስም። ዘይቱንም በየ2 ዓመቱ እቀይረዋለሁ።