የዝውውር ክርክር ከውል ይጀምራል፦ ለጅማ የኳስ ደጋፊ

ክለባችሁ አንድ ተጫዋች ሊያስፈርም ነው የሚል ወሬ ስትሰሙ አፋችሁ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «በስንት?» ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «ውሉ ስንት ጊዜ ቀረው?» የሚለው ነው፤ ዋጋውን የሚተምነው ውሉ ነውና። 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ውል የቀረውን ተጫዋች የያዘ ክለብ አይቸኩልም፣ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። 2 ዓመት ሲቀር ወይ ውሉን ያድሳል ወይ ተጫዋቹን ለገበያ ያቀርባል። 1 ዓመት ሲቀር የሚጨነቀው ሻጩ ነው። የመጨረሻዎቹ 6 ወራት ውስጥ ከተገባ ደግሞ ተጫዋቹ በፊፋ ደንብ መሠረት ከሌላ አገር ክለብ ጋር ለቀጣዩ የውድድር ዘመን መፈራረምና ውሉ ሲያልቅ በነጻ መሄድ ይችላል። ለዚህ በር የከፈተው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1995 በቤልጅማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ሊቨርፑል ከልጅነቱ ያሳደገውን ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድን በ2025 ያጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሪያል ማድሪድ ለክለቦች የዓለም ዋንጫ እንዲደርስለት ብሎ 10 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፈለ እንጂ ጥቂት ሳምንታት ቢታገስ ያለ ምንም ክፍያ ይወስደው ነበር። ስለዚህ ቦርዱን መክሰስ ካለባችሁ ክሱ የሚቀርበው ተጫዋቹ ሻንጣውን ባነሳ ቀን ሳይሆን ውሉ 2 ዓመት ሲቀረው ነው።

ደብተሩ

ይህን ሁሉ ለመከታተል ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ተጫዋች አንድ ገጽ ስጡ። ከላይ ስሙን፣ ዕድሜውንና የሚጫወትበትን ቦታ ጻፉ። ከሥሩ ውሉ የሚያበቃበትን ዓመት፣ ባለፉት 2 የውድድር ዘመናት ሜዳ ላይ የቆየበትን ደቂቃ፣ ያለ ፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረውን ግብ፣ ለግብ ያቀበለውን ኳስና በጉዳት ያመለጡትን ጨዋታዎች አስፍሩ። የገጹን የታችኛውን ሲሶ ባዶ ተዉት። እዚያ ላይ ተጫዋቹ በፈረመ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፦ «ይጠቅመናል፣ ምክንያቱም…» ወይም «አይጠቅመንም፣ ምክንያቱም…»። ቀኑን መጻፍ አትርሱ። የደጋፊ ትውስታ ሁልጊዜ «ብዬ ነበር» ስለሚል፣ ከዓመት በኋላ ከራሳችሁ ጋር የሚያስታርቃችሁ ይህ ቀን ያለበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በጨዋታ ብዛት ሳይሆን በደቂቃ የምትቆጥሩት ምክንያት አለው። «30 ጨዋታ ተሰልፏል» የሚባለው ተጫዋች 15ቱን የገባው በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ግቡን በ90 አባዙና ለተጫወተው ደቂቃ አካፍሉ። በ2,700 ደቂቃ 12 ግብ ያገባ አጥቂ በየ90 ደቂቃው 0.4 ግብ አለው። በ1,350 ደቂቃ 9 ግብ ያገባው ደግሞ 0.6። በግብ ብዛት ካያችሁ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ በደቂቃ ካያችሁ ሁለተኛው። ነገር ግን ከ900 ደቂቃ፣ ማለትም ከ10 ሙሉ ጨዋታ በታች በሆነ ቁጥር ፍርድ አትስጡ። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት የቀናችለት ቅዳሜ አንድን መካከለኛ አጥቂ ኮከብ ያስመስሉታል። ፍፁም ቅጣት ምት ከቁጥሩ የሚወጣው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ክለቡ ውስጥ መቺው ሌላ ሰው ከሆነ እነዚያ ግቦች አብረውት አይመጡም።

ጉዳትን ስትጽፉ የቀናቱን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። አንድ ጊዜ እግሩ ተሰብሮ 5 ወር የተኛ ተጫዋች ድኖ ሊቀጥል ይችላል። በአንድ የውድድር ዘመን 3 ጊዜ በዚያው የታፋ ጡንቻ የወጣ ግን ለ4ኛ ጊዜ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከዚህ በፊት የተጎዳ ጡንቻ ዳግም ለመጎዳት ቅርብ ነውና።

ገንዘቡ እንዴት ይቆጠራል

ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክለብ ተጫዋች ሲገዛ የከፈለውን ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ለውሉ ዓመታት ያካፍለዋል። ቼልሲ በጥር 2023 መጨረሻ ኤንዞ ፈርናንዴዝን በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ውሉ የ8 ዓመት ተኩል ስለነበር በየዓመቱ መዝገቡ ላይ የሚወርደው ወደ 12.6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ5 ዓመት ቢካፈል ኖሮ ከ21 ሚሊዮን በላይ ይሆን ነበር። ይህን አይቶ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በ2023 ክረምት ማካፈያውን በ5 ዓመት ገደበው፤ ፕሪሚየር ሊጉም በዲሴምበር 2023 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ «የ7 ዓመት ውል ሰጡት፣ ብልጦች ናቸው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሒሳቡ በ5 እንደሚቆም ንገሩት።

በዚህ ላይ ደሞዙን ደምሩበት። በሳምንት 200,000 ፓውንድ ማለት በዓመት 10.4 ሚሊዮን ነው። በ50 ሚሊዮን ተገዝቶ 5 ዓመት የፈረመና ይህን ደሞዝ የሚቀበል ተጫዋች በዓመት ክለቡን 20.4 ሚሊዮን ያስወጣዋል። ደብተራችሁ ላይ የሚሰፍረው ይህ ቁጥር ነው። «በነጻ መጣ» የሚባለውም ነጻ አይደለም፤ የዝውውር ዋጋው ስለተረፈ የፊርማ ገንዘቡና ደሞዙ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ይህ የመዝገብ ነገር ነጥብ ያስቀንሳል። በ2023/24 የውድድር ዘመን በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን ይከለክል የነበረው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ኤቨርተንን መጀመሪያ 10 ነጥብ አሳጣው፣ በይግባኝ ወደ 6 ወረደ፣ ቀጥሎ ሌላ 2 ተቀነሰበት። ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ ተቀነሰበት። ክለቦች ከራሳቸው አካዳሚ የወጣውን ልጅ ለመሸጥ የሚቸኩሉትም ለዚህ ነው፦ ልጁ መዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይያዛል። ማንችስተር ዩናይትድ በ2024 ክረምት ስኮት ማክቶሚናይን ለናፖሊ ሲሸጥ መዝገቡ ደስ ብሎታል። በቀጣዩ ዓመት ናፖሊ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፣ ማክቶሚናይም የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ይህ ደንብ ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን እንዲሸጡ ይገፋ ነበር፣ መስተካከልም ነበረበት፤ የደጋፊ ቁጣ ማረፍ ያለበትም በልጁ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ጭምጭምታን መለየት

ቴሌግራም ላይ አንድ ወሬ በ10 ቻናል ቢመጣ 10 ምንጭ አለው ማለት አይደለም። ወደ ኋላ ሂዱና መጀመሪያ የጻፈውን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጋዜጠኛ ነው፣ ቀሪው ትርጉም ነው። በትርጉም መሀል ደግሞ ደረጃው ይቀየራል። «ፍላጎት አላቸው» የሚለው «ተስማሙ» ይሆናል።

ደረጃዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ለዩ፦ ክለቡ ጠየቀ፣ ከተጫዋቹ ጋር በደሞዝ ተስማማ፣ ለተጫዋቹ ክለብ የጽሑፍ ዋጋ አቀረበ፣ ሁለቱ ክለቦች ተስማሙ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ፊርማ። ወሬ የሚበዛው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ወኪሉ ለተጫዋቹ የተሻለ ደሞዝ ለማግኘት ስም የሚያወጣው ያን ጊዜ ነውና። ክለቦቹ ሳይስማሙ ለማንም ሰው ማሊያ አትግዙ።

የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አስሉት። በ2025 የእንግሊዝ መስኮት የተዘጋው ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በእንግሊዝ 7 ሰዓት ምሽት፣ በጅማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። ስምምነቱን በሰዓቱ አስመዝግበው ወረቀቱ ለዘገየባቸው 2 ሰዓት ይጨመራል፤ ስለዚህ 3 ሰዓት ላይ «አለቀ» ብላችሁ ከዲኤስቲቪ ቤት ብትወጡ አንዳንድ ፊርማ ያመልጣችኋል። የጅማ ክረምት መብራት ሊወስድ ስለሚችል ስልካችሁን ቀድማችሁ ሙሉ።

የውርርድ ቲኬት የቆረጣችሁበትን ጨዋታ ደብተሩ ላይ አትገምግሙ። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ተከላካዩን የሚሰድበው በአጨዋወቱ ሳይሆን በጠፋው ብር ነው፤ ያ አስተያየት ለክለቡም ለማንም አይጠቅምም።

ይህንኑ ዓይን ወደ አባ ጅፋር

ከመርካቶ እስከ ጅሬን የአርሰናልን ውሎች በቃሉ የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል። የጅማ አባ ጅፋርን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የኛው ክለብ ታሪክ ስለ ውል ከማንም በላይ ያስተምራል። ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት በልጦ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ዋንጫ ወሰዱ። አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በግብፁ አል አህሊ በድምር 2 ለ 1 ብቻ ተሸንፎ ወጣ፤ ይህ ክብር ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ከሊጉ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ 4 ዓመት።

በአገራችን አብዛኛው ውል የ1 ወይም የ2 ዓመት ስለሆነ አንድ ጥሩ ቡድን በአንድ ክረምት ሙሉ በሙሉ ሊበተን ይችላል፤ ክለቡም ከሽያጭ አንዳች ሳያገኝ እንደገና የፊርማ ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ እጅ ስታወጡ «ማንን ልታስፈርሙ ነው?» አትበሉ። እነዚህን ጠይቁ፦ ከዚህ ዓመት በኋላ ውል ያላቸው ስንት ናቸው? ከቋሚ 11ዱ ስንቱ? ያልተከፈለ የስንት ወር ደሞዝ አለ? ከወጣት ቡድን ስንት ልጅ ተመዝግቧል? የሦስተኛው ጥያቄ ክብደት እንዲገባችሁ፣ በፊፋ ደንብ ክለብ የ2 ወር ደሞዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ደሞዝ ያዘገየ ክለብ ተጫዋቹንም የመሸጫ ዋጋውንም በአንድ ላይ ያጣል።

የሰፈር ልጅ ወረቀት

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ይህ ነው። አንድ ልጅ ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉት 4 ዓመታት ለእያንዳንዱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት 8 ዓመታት ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ልጁን ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሠለጠነ የቆጪ ወይም የቦሳ ቡድን 4 ጊዜ 0.25 እና 2 ጊዜ 0.5፣ በድምሩ 2 በመቶ ይደርሰዋል። ልጁ በ1 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ 20,000 ዶላር ነው። ስንት ኳስ፣ ስንት ታኬታ፣ ስንት ዓመት የሜዳ ኪራይ!

ገንዘቡ የሚጠፋው ሁልጊዜ በወረቀት ነው። ቡድኑ በፌዴሬሽን ሥር ካልተመዘገበ፣ ልጁም በቡድኑ ስም ካልተመዘገበ ያሠለጠናችሁት ዓመት አይቆጠርም። ዕድሜ መቀነስ የልጁን የሥልጠና ዓመታት ያዛባል፣ ሲደረስበት ደግሞ ያስቀጣዋል። ሌላው ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው፦ ፀጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በ3 ዓይነት ስለሚጻፍ ፓስፖርቱ አንድ፣ የምዝገባ ፎርሙ ሌላ ይሆንና ሁለት ሰው ያስመስለዋል። ልጁ በመጀመሪያ ሲመዘገብ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ፓስፖርት ሲያወጣም ያንኑ ይዞ ይሂድ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክላሰር ያዙ፦ የልደት ሰርተፍኬት ቅጂ፣ በየዓመቱ ማኅተም ያረፈበት የምዝገባ ፎርም፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የወላጅ ፊርማ። ዋናውን ቅጂ ከጭቃና ከዝናብ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፎቶውን ደግሞ የአሠልጣኙ፣ የጸሐፊውና የአንድ ወላጅ ስልክ ላይ አኑሩ።

ወላጆችም ይህን ይወቁ፦ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የ15 ዓመት ልጃችሁን «ለሙከራ አውሮፓ እወስደዋለሁ፣ ለፕሮሰስ ይህን ያህል ብር አስገቡ» ካላችሁ ብሩንም የልጁንም ፓስፖርት አትስጡት። ሰውየው የሰጣችሁን ወረቀት ፎቶ አንሱና መጀመሪያ ለልጁ አሠልጣኝ፣ ቀጥሎ ለከተማው እግር ኳስ ፌዴሬሽን አሳዩ።