ግጥምጥሞሽን በስልክ ካልኩሌተር መለካት

ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች ሁለቱም በሚካኤል ቀን መወለዳቸው ቢታወቅ፣ ታክሲው በሙሉ «ይገርማል!» ይላል። ይገርም እንደሆነ ለማወቅ ሂሳቡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ቁረጡ፦ ከተሳፋሪዎቹ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቀን የመወለዳቸው ዕድል ስንት ነው? ወሩን ትተን ቀኑን ብቻ ከወሰድን (12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም እያለ) አማራጩ 30 ነው፤ ተሳፋሪው 12። የመግጠሙን ዕድል በቀጥታ ማስላት አድካሚ ስለሆነ፣ ማንም ከማንም የማይገጥምበትን አግኝተን ከ1 እንቀንሳለን። የመጀመሪያው ሰው በፈለገው ቀን ይወለድ። ሁለተኛው እንዳይገጥመው 29 ቀን ይቀሩታል፣ ሦስተኛው 28፣ አሥራ ሁለተኛው 19። ካልኩሌተሩ ላይ 29÷30×28÷30×27÷30 እያላችሁ እስከ 19÷30 ውረዱ። 0.078 ይመጣል፤ ከ1 ሲቀነስ 92 በመቶ። ሰባተኛው ሰው ጋ (24÷30) ስትደርሱ ውጤቱ 0.469 ነው፤ በ7 ሰው ብቻ ዕድሉ ግማሹን አልፏል። ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ከመጣባችሁ አንዱን ÷30 ዘላችኋል።

ጳጉሜን እዚህ አልቆጠርንም። ብንቆጥረው ከ1 እስከ 5 ያሉት ቀኖች ትንሽ ይበዛሉ፣ ግጥምጥሞሹም ትንሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ታዲያ ለምን ይገርመናል? ብዙው ሰው የሚያስበው «ከእኔ ጋር የሚገጥም» ብሎ ነው። እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፦ 29÷30ን 11 ጊዜ አባዙት፣ 0.689 ይሆናል፣ ዕድሉም 31 በመቶ ብቻ። 12 ሰው ውስጥ ግን 12×11÷2፣ ማለትም 66 ጥንድ አለ። ወሩም ቀኑም ይግጠም ካላችሁ በ365 ቀን አስሉት፤ ለ12 ሰው 17 በመቶ ገደማ ነው፣ ግማሹን ለማለፍ 23 ሰው ያስፈልጋል።

«አሁን ሳስብህ ደወልክ» የሚባለውም ይሰላል። አንድን ሰው በቀን አንዴ ለ5 ደቂቃ ታስቡታላችሁ፣ እሱም በወር አንዴ ይደውላል እንበል። ነቅተን የምንውለው 16 ሰዓት 960 ደቂቃ ስለሆነ፣ አንዱ ጥሪ በዚያች 5 ደቂቃ የመውደቁ ዕድል ከ192 አንድ ነው። እንዲህ ያሉ 30 ሰዎች ካሏችሁ በዓመት 360 ጥሪ አለ፤ ሁለት ጊዜ ያህል ይገጥማል። ሳታስቡት የተደወለውን 358 ማንም አያወራውም።

ማባዛት የማይሠራበት ቦታም አለ። ወር በገባ በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ የድሮ ጎረቤት ብታገኙ፣ ሁለታችሁንም ያመጣችሁ አንድ ምክንያት ነው። የሁለታችሁን ዕድል ለየብቻ ወስዶ ማባዛት ውጤቱን ያለ አግባብ ያሳንሰዋል።

የከተማውም ስፋት አለ። በቀን ከሚሊዮን ሰው አንዱን ብቻ የሚያጋጥም ነገር፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ባለበት አዲስ አበባ በየቀኑ በአማካይ ከሦስት ሰው በላይ ያጋጥመዋል።

መሞከር ከፈለጋችሁ ቸርችል ጎዳና ዳር ቆማችሁ የ20 መኪና ታርጋ መጨረሻ ሁለት አሃዞችን ጻፉ። ሁለት አንድ ዓይነት የማግኘት ዕድላችሁ 87 በመቶ ነው፤ በ13 መኪና እንኳ 56። የመጀመሪያዎቹን አሃዞች አትጠቀሙ፤ ታርጋ በተራ ስለሚሰጥ በአንድ ሰሞን የወጡት ይመሳሰላሉ። አደባባይ ላይም አትቁሙ፣ ዞሮ የመጣ ሚኒባስ ሁለቴ ይቆጠርባችኋል።