አራተኛውን «ቦርገን» ከመክፈታችሁ በፊት

የፖለቲካ ድራማ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል ስልክ እየነካኩ ማየት አይሆንም። የዴንማርኩን «ቦርገን» እንውሰድ። ሦስተኛው ምዕራፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ አራተኛው በ2022። ማን ማን እንደነበር ቢጠፋችሁ አይፈረድባችሁም።

ሠላሳውን የድሮ ክፍል እንደገና መጨረስ አያስፈልግም። እኔ ሁለቱን ብቻ ነው የምመክረው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መክፈቻና የሦስተኛውን መዝጊያ።

ከዚያ ወረቀት አውጡና 90 ብላችሁ ጻፉ። የዴንማርክ ፓርላማ 179 መቀመጫ አለው፤ 90 የሰበሰበ አብላጫውን ያዘ። ለአንድ ፓርቲ ብቻውን ይከብዳል። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ድርድር ነው፤ ማን ከማን ጋር በር ዘግቶ እንዳወራ ልብ በሉ፣ ስማቸውንም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከመቀመጫዎቹ ሁለቱ የግሪንላንድ ናቸው። ይህቺን አስምሩባት፤ አዲሱ ምዕራፍ የሚከፈተው እዚያ ነዳጅ ተገኘ በሚል ወሬ ነው። የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ቢርጊተ ኒቦርም አሁን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናት። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሌላ፣ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። ሁለቱ ሲነጋገሩ ፊታቸውን እዩ፣ ፈገግታው ሌላ ነው!

ድምፁን በዴንማርክኛ ተዉት፣ ጽሑፉን ከሥር አንብቡ። በእንግሊዝኛ የተቀዳው ድምፅ ለእኔ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

ባለቤቴ በየደቂቃው «ይቺ ደግሞ ማናት?» ይላል። አላቆምለትም፤ ወረቀቱን አቀብለዋለሁ። ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ግን ቀድማችሁ አጥፉት። አለበለዚያ ሌሊቱ አለቀ።